በዳላስ ፀሐይ ያልቀለጡ ካሴቶች

ባለፈው ኦገስት አንድ ማክሰኞ፣ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ከተማ ከምሠራበት ክሊኒክ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጫለሁ። መሪው በባዶ እጅ አይነካም። ኤሲው እስኪቀዘቅዝልኝ እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ናቲ ነው፣ የወንድሜ ልጅ። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ቢሆንም አማርኛን አይፈራትም፤ እንደመጣችለት ይናገራታል። ለዚህም እወደዋለሁ።

«አክስቴ፣ ሶ... የዳዲን ዘፈኖች ፋይንድ አደረግኳቸው» አለኝ።

«የትኞቹን ዘፈኖች?»

«የቀለጡትን! ከሠላሳ ሁለቱ ሠላሳውን አገኘሁ። ማለቴ፣ ኦንላይን አሉ። ለበርዝደዩ ሰርፕራይዝ ነው፣ ኦኬ? እንዳትነግሪው።»

ክው አልኩ። ናቲ ደስታ አፌን የያዘኝ መስሎት ሳቀና ዘጋው። መሪው ቀዝቅዞ፣ ኤሲው አጥንቴ ድረስ ገብቶ እንኳ ከዚያ ፓርኪንግ መውጣት አቃተኝ።

በኛ ቤተሰብ «የቀለጡት ዘፈኖች» ከተባለ ሕፃኑም ያውቃቸዋል። ወንድሜ በቀለ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት ሠላሳ ሁለት ካሴቶች ነበሩት፤ መኪና ውስጥ ተረስተው በዳላስ ፀሐይ ቀለጡ፤ ከዚያ ወዲህ እንደነሱ ያለ ዘፈን አልተዘፈነም። ሁሉም የሚያውቀው ይህን ነው። እኔ ብቻ የማውቀው ደግሞ አለ። ካሴቶቹ አልቀለጡም።

ወንድሜ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነው የምለው። በሱዳን በኩል ዳላስ ገብቶ፣ ታክሲ እየነዳ፣ ወረቀቴን ጨርሶ ሲያስመጣኝ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነበረው። ሰፊውን ክፍል ለኔ ለቆ ራሱ ጠባቡ ውስጥ ገባ። እዚያ ውስጥ ከአልጋውና ከቴፑ ሌላ የማስታውሰው አንድ የቦት ጫማ ካርቶን ነው። ካሴቶቹን የሚያኖረው እሱ ውስጥ ነበር፤ ግማሾቹ ከካርቱም አብረውት የመጡ፣ ግማሾቹ ኋላ ሰው ሲመጣ የተላኩለት።

ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ አንዱን ይከፍታል። ሰማያዊ ወረቀት የተለጠፈበት ካሴት ነበር፤ ክራሩ ገና ሲጀምር ምላጩን አቁሞ መስታወቱን ትክ ብሎ ያያል። የሚያየው ግን ራሱን አልነበረም። ማንን እንደሚያይ ጠይቄው አላውቅም፣ ታላቅ ወንድም እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እንቁላል በቃሪያ እየጠበስኩ፣ መላጨቱን እስኪቀጥል ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። እንቁላሉ ስንት ቀን አረረብኝ።

ዳላስ በገባሁ በዓመቱ ጌታን ተቀበልኩ። ዛሬም በዚያው እምነት ነኝ፤ በዚህ ቀልድ አላውቅም። የምንሰበሰበው አንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን በፈቀደልን አዳራሽ ነበር፤ ወጣቶቹ ሃያ አንሞላም። በዚያ በጋ የወጣቶች መሪያችን የነበረው ወንድም «ቤታችሁ ውስጥ ከጌታ ጋር የሚሻማችሁ ምንድን ነው?» እያለ ያስተምረን ነበር። ያን ጊዜ ይህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ ዘፈን። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ በተራ ዓለማዊ ካሴቶቻችንን አምጥተን ክራቸውን እየመዘዝን እንድንጥል ተስማማን።

ችግሩ፣ እኔ ካሴት የለኝም። አገሬን ስለቅ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው በርበሬና ሽሮ፣ ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ ነው። የምተወው ዓለም አልነበረኝም ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ አንዲት እህት ፌስታል ሙሉ ካሴት አምጥታ፣ ዘፈኑ እንዴት አስሮ እንደያዛት እያለቀሰች መስክራ፣ ሁሉም ከቦ አቅፎ ሲጸልይላት አየሁ። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቅናት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እናቴ ሩቅ ናት፤ ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ ነው። እኔም እንደዚያ መታቀፍ አማረኝ።

በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል። እኔ በሰው ካሴት ልደምቅ ተነሣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ታክሲውን ይዞ ሲወጣ፣ ካርቶኑን አሮጌዋ መኪናው ውስጥ ጭኜ ሄድኩ። ሙቀቱ ሌላ ነው። አስፋልቱ ጫማ ሥር ይለሰልሳል። አዳራሹ ጓሮ ባለ ትልቅ የፔካን ዛፍ ጥላ ሥር እናቶች ሐብሐብ ቆርጠው ደርድረዋል። በድርቁ ምክንያት እሳት ማንደድ ተከልክሎ ስለነበር ሥራው ሁሉ በእጅ ነው። መሪያችን ካርቶኑን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ይህ ሁሉ የራስሽ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

እንዳላመነታ ብዬ ሰማያዊዋን መጀመሪያ አነሣሁ። የካሴት ክር መዛችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ማለቂያ የለውም። እጄ በሐብሐብ ውኃ ስለተጣበቀ ክሩ ጣቴ ላይ እየተጠመጠመ አልላቀቅ አለኝ። ቡናማው ክር እግሬ ሥር ተከመረ፤ ነፋሱ እያነሣ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ሠላሳ ሁለቱንም ጨረስኩ። ስመሰክር፣ ስለ ወንድሜ መስታወት የማውቀውን ሁሉ በራሴ ላይ እንደደረሰ አድርጌ ተናገርኩ። አለቀሱ፤ አቀፉኝ። ውሸት አልጨምርበትም፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ባዶ ካርቶን ጎኔ አስቀምጬ ወደ ቤት መንዳት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ቤት ስደርስ ካርቶኑን ከቆሻሻ ገንዳው ጨመርኩና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ አመሻሹ ላይ ገባ። ቁልፉን ሳያስቀምጥ፣ «ጋሼ፣ ካሴቶችህን ላስቀዳቸው ብዬ ይዣቸው ወጥቼ መኪና ውስጥ ረሳኋቸው» አልኩት። መጨረስ አላስፈለገኝም። ዳላስ የከረመ ሰው ሁሉ አንድ ካሴት መኪናው ውስጥ ተጣሞበታል።

«ቀለጡ?»

«ተጣበቁ። ጣልኳቸው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጫማውን ያየዋል። ይቆጣኛል፣ ቢያንስ ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲያውም ቢጮኽብኝ ኖሮ እውነቱ ሳያመልጠኝ አይቀርም ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣

«እጅሽን አላቃጠለሽም?» አለኝ።

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ዓለምን ልተው ወጥቼ ሁለት ውሸት ይዤ ገባሁ፤ አንዱን ለእግዚአብሔር ሰዎች፣ አንዱን ለወንድሜ። በማግሥቱ ጠዋት ያለ ዘፈን ተላጨ። እንቁላሉም አላረረም።

ያን ሰሞን የሠላሳ ሁለቱን ካሴቶች ስም ከነዘፋኙ በቃሉ አስታውሶ ቢጫ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ከያንዳንዱም የሚወደውን ዘፈን መረጠ። ወረቀቱ ዋሌቱ ውስጥ ገባ። ሌሎች ካሴቶች ኋላ ገዝቷል፣ ሲዲም መጥቶ ሄዷል፤ እነዚያን ግን ደግሞ አልፈለጋቸውም። «የሞተ ሰው መቃብር አይቆፈርም» ይላል።

ክርክሩ የተወለደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ አንድ ልጅ አዲስ ዘፈን ከከፈተ ጋሼ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። «ይሄ ዘፈን ነው? ሰው ድምፁን በማሽን አሽቶ! እኔ ሰው የዘፈነበት ዘመን ሰው ነኝ። ማስረጃዬ ቀለጠ እንጂ አሰማችሁ ነበር።» ከቀለጠ ማስረጃ ጋር ማን ይከራከራል? እኔም ወጥ አማስላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ፤ የኔዋ ግን ስንት ዓመት አድራ አልጠራ አለች።

ለነገሩ እኔስ ከሱ በምን ተሻልኩ? ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ልጆቹ በጭስና በመብራት የሚዘምሩትን አዲስ መዝሙር ሲጀምሩ፣ ውኃ የምጠጣ መስዬ እየወጣሁ ስንት እሑድ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። «የድሮ መዝሙር እንኳ...» ስል ራሴን እሰማውና የጋሼ ድምፅ ይመስለኛል።

የልደቱ ቀን እሑድ ነበር። ዋይሊ ከተማ ያለው አዲሱ ቤቱ ከቸርች መልስ ሞላ። በረንዳው ላይ የዶሮ ክንፍ ይጠበሳል፣ ወጥ ቤት ቀይ ወጥ አለ። በጓሮው የተተከሉት ዛፎች ገና ጥላ የላቸውም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዛሬ የገደልኩበትን ነገር አንድ በአንድ ሊያሰሙኝ ነው፤ ሲያለቅስ አያለሁ፤ እንዴት ብዬ እችለዋለሁ እያልኩ ነው የገባሁት።

ናቲ ቢጫውን ወረቀት ከዋሌቱ ሰርቆ ፎቶ አንሥቶት ኖሯል። ነገሩን ሲገልጥለት ጋሼ ልጁን ስቦ ሳመው። መሐል ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ዘፈን ተለቀቀ። ደግ ዘፈን ነበር፤ ዓይኑን ጨፈነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁለተኛው መጣ። ዘፋኙ ከወንዝ ማዶ ሰው የሚጠራ ይመስል ይጮኻል። ጋሼ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ቅጂው ተበላሽቶ ነው» አለ። ሦስተኛው አንዲት ስንኝ ይዞ ስምንት ጊዜ ተመላለሰባት፤ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ለብቻው ሌላ ዘፈን ይነፋል።

«ይሄ እሱ አይደለም። ናቲ፣ ተሳስተሃል።»

«ኖ ዳዲ፣ እሱ ነው፤ ከቨሩን እየው» አለና ናቲ ስልኩን አሳየው። እሱው ነው። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ።

ስድስተኛው አለፈ፣ ሰባተኛው አለፈ። ዘጠነኛው ላይ ጋሼ እጁን አወናጨፈ። «ስኪፕ አድርገው» አለ። ሚስቱ አልማዝ ከወጥ ቤት በር ብቅ ብላ፣ «በቄ፣ ሠላሳ ዓመት ያለቀስከው ለዚህ ነው?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግማሹን በስኪፕ ጨረስነው።

መጨረሻ ላይ ክራር ተሰማ። ሰማያዊዋ ናት። ሳቁ በራሱ ጊዜ ቆመ። ጋሼ ግድግዳውን ትክ ብሎ አየ፣ ያን ጊዜ መስታወቱን እንደሚያየው። ዘፈኑ ዛሬም ውብ ነው። ምንም አይወጣለትም። ናቲ እንኳ ስልኩን አስቀምጦ ሰማ። እንባዬ በጉንጬ ሲወርድ ማንም ልብ አላለኝም።

ሲያልቅ ጋሼ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና፣ «እግዜር ይስጣት ያቺን ፀሐይ» አለ። «ባታቀልጣቸው ኖሮ ያን ሁሉ ጩኸት ሠላሳ ሰባት ዓመት ስሰማ ልኖር ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ተነሣሁ።

«ፀሐይ አይደለችም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ካርቶኑን፣ ፔካን ዛፉን፣ ምስክርነቴን፣ የሱን መስታወት የራሴ አድርጌ ማውራቴን። ስጨርስ ጋሼ ከሶፋው ወደፊት ተጠጋ።

«ሠላሳ ሁለቱንም?»

«ሠላሳ ሁለቱንም።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

ቢጫውን ወረቀት ከናቲ ተቀበለው። ጭኑ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ ጠየቀ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ሦስት ስሞች ላይ ክብ አደረገና ወረቀቱን ወደኔ ዘረጋው። ሰማያዊዋ ከሁሉ በላይ ነበረች።

«ለነዚህ ለሦስቱ ይቅርታ ጠይቂኝ» አለኝ። «ለቀሩት እኔ ላመስግንሽ።»

ጉልበቱን ልይዝ ስንበረከክ ክንዴን ይዞ አነሣኝ፤ አቀፈኝም። የዶሮ ክንፍ ጭስ ይሸት ነበር። እፎይ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። ያን ቅዳሜ አሥራ አምስት ሰው አቅፎኝ ያላገኘሁትን እፎይታ በአንድ ሰው አገኘሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሰርግ ላይ ከጋሼ ጋር አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። ዲጄው አዲስ ዘፈን ሲለቅ አንድ የሚያውቀን ሰው፣ «እህ ጋሽ በቀለ፣ የዛሬ ልጆች ዘፈን ገደሉት አይደል?» ብሎ ለኮሰው። ሁላችንም የተለመደውን ጠበቅን። ጋሼ እንጀራውን ጠቀለለ፣ ጎረሰ፣ አላምጦ ዋጠ።

«ከሠላሳው ሦስት አይጠፋውም» አለ። «የኛም ያው ነበር።» ከዚያ እኔን አየና ፈገግ አለ።

እኔም ኮሪደር ላይ መቆም ትቻለሁ። ልጆቹ ጭሳቸውን ሲለቁ ከወንበሬ አልነሣም፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እስካሁን አንድ ደግ መዝሙር አግኝቻለሁ። ሁለት ይቀረኛል።