ከመንዙማው በፊት የነበረው ድምፅ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁሌም ጣጣ ነበር። በዚያ ግንባሩ አገር በሚገዛበት ዘመን ኮምቦልቻ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ «የኮምፒውተር ደህንነት» አስተምራለሁ ስል፣ ሰው ጆሮው የሚገባው «ደህንነት» የምትለዋ ብቻ ናት። አንዴ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝና ነገርኳት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን እስክንጨርስ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቀረች። ቦሩ ሜዳ ያለው ቄሱ አባቴ ደግሞ «ቫይረስ አጠፋለሁ» ስለው፣ «ታዲያ ሆስፒታሉ እዚሁ ደጃችን አይደል? ምን ኮምቦልቻ አስኬደሽ?» ብሎኝ አረፈው።

ብቸኛ ነበርኩ። ያኔ ይህን መናገር ያሳፍረኝ ነበር፤ ዛሬ ምንም አይመስለኝም። ጠዋት ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት እወርዳለሁ፣ ከሰዓት ከሙቀቱ ወደ ብርዱ እወጣለሁ፤ በመካከሉ ለተማሪዎቼ ካልሆነ በቀር ለማንም አንድ ቁም ነገር ሳልናገር እውላለሁ። ተማሪዎቹም ቢሆኑ የሚፈልጉት ፍላሻቸውን እንዳጸዳላቸው ብቻ ነው። ጓደኞቼ ፎቶ ኮፒ በተደረገው የማስተማሪያ ጥራዝ ውስጥ የማገኛቸው፣ ገሚሱ የሞቱ ገሚሱ የሸመገሉ ፈረንጆች ነበሩ። አይ ዕድሌ!

ደሴ የተከራየኋት ክፍል ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ናት። ሴትዮዋን እማማ እላቸዋለሁ። የአያታቸው አባት ከየመን ጨርቅ ይዞ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ሟቹ ባለቤታቸውም ፒያሳ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው እኔ ሳልገባ ነው ያረፉት። ባልየው ከንግዱ ሌላ የታወቁበት ነገር ቢኖር መንዙማ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ላይ ድቤው ሲመታ እሳቸው ያወጡ ነበር አሉ።

ልጃቸው አንድ ሐሙስ ከአዲስ አበባ መጥታ በስልኳ ቀድታቸው ነበር። ስልኩ ኋላ ተሰረቀ፤ የተቀዳው ግን ፍላሽ ላይ ተገልብጦ እማማ እጅ ቀርቷል። እማማም በየሐሙሱ የአስርን ሶላት ሰግደው ሲጨርሱ ፍላሹን ትንሿ ማጫወቻ ላይ ይሰኩታል። ግድግዳችን ጭቃ ነውና እኔም ክፍሌ ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሳል አለ። ከዚያ የባልየው ድምፅ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፤ ብርድ ገባ!» ይላል። ከሩቅ የእማማ ድምፅ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ አትጩህብኝ!» ሲል ሰዎች ይስቃሉ። በሩ ጓ ይላል። «ቢስሚላህ» ተብሎ መንዙማው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ቀን እማማ፣ «መንዙማው የአላህና የነቢዩ ነው፤ ለሁሉም ነው። ያቺ መጀመሪያ ላይ ያለችው ግን የኔ ናት» አሉኝ።

ሐሙስ ሐሙስ እሳቸው ጋ መግባት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። መንዙማው ሲያበቃ፣ «እስቲ አንቺ መምህር፣ የነዚያን ሰዎችሽን ወሬ አምጪ» ይሉኛል። እኔም ምን ገዶኝ! የመጀመሪያውን ተንቀሳቃሽ ፕሮግራም ስለጻፈው ሰው ነገርኳቸው። ፕሮግራሙ ከማሽን ማሽን እየሄደ፣ ሳይሰርቅ ሳያጠፋ፣ በደረሰበት ሁሉ «ከቻልክ ያዘኝ» ዓይነት ነገር ጽፎ ያልፍ ነበር። የሥራ ባልደረባው ደግሞ እሱን እያሳደደ የሚያጠፋ ሌላ ፕሮግራም ጻፈ። የዓለም የመጀመሪያው ሌባና ፖሊስ የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። እማማ ከት ብለው ሳቁ። «አጀብ! ሥራ ፈት ናቸዋ!»

ከዋክብት ያጠና ስለነበረው ሰውም ነገርኳቸው። የኮምፒውተሩ ሒሳብ በጥቂት ሳንቲም አልገጥም ቢለው፣ ነገሩን ሳይተው ወራት ሙሉ ተከታትሎ ከባሕር ማዶ የሚገባ ሰላይ ያዘ፤ ቢሮው ወለል ላይ ተኝቶ ያደረበትም ጊዜ አለ። እማማ የጠየቁኝ ስለ ሰላዩ አይደለም። «ወለል ላይ? ቤትህ ግባ የምትለው ሴት የለችውም?» አሉ። እኔ እንጃ አልኩ። «ይብላኝለት» አሉና ለማያውቁት ፈረንጅ ከልባቸው አዘኑ። እኔም ደንገጥ አልኩ፤ ስንት ዓመት ሳስተምረው ብቸኝነቱ አንድ ቀን ታስቦኝ አያውቅም ነበር።

በጣም የወደዷቸው ግን ሁለቱን ወንድማማቾች ነው። እነዚህ ኮምፒውተር ሱቅ የነበራቸው ልጆች ከመጀመሪያዎቹ ቫይረሶች አንዱን ሲሠሩ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ውስጡ ጻፉበት። ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እሱም አብሮ ዞረና ሰው ከዓለም ዳርቻ ይደውልላቸው ጀመር። «ወላሂ ነጋዴ ናቸው!» አሉ እማማ ጭናቸውን መታ አድርገው። «ነጋዴ ምልክቱን ሳይጽፍ ዕቃ አይልክም።»

ከእጅ ወደ እጅ የሚለው ነገር እኔን ያሳስበኝ ነበር። እማማ ፍላሹን ለጠየቃቸው ሁሉ ይሰጣሉ። መጀመሪያ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ያለው ሰውዬ ተቀብሏቸው ለሰው ያባዛ ነበር፤ እሱም ለመንዙማው ክብር ሲል ከ«ቢስሚላህ» በፊት ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል። እማማም፣ «ደግ አደረግህ፣ የኛ ጭቅጭቅ ለሰው ምን ያደርግለታል» ብለውታል። ኋላ ግን ጎረቤቱም ፍላሹን ራሱን ይወስድ ጀመር። «እማማ፣ ይተዉ፣ በሽታ ይዞ ይመለሳል» ስላቸው፣ «መንዙማ ይከለከላል እንዴ? በረካው ነው የሚሄደው» ይሉኛል።

ሲዲ ላይ ላስገልብጥልዎት ብዬም ለምኛቸው ነበር። «ተይ ልጄ። እሱ አንድ ነበር፣ ድምፁም አንድ ይበቃዋል» አሉኝ። እኔም የራሴ ኮምፒውተር የለኝ፤ የኮሌጁን ብል የቫይረስ ጎተራ ነው። ይኼም መምህርነት ተብሎ!

ጥራዙ ላይ አንድ የምወደው ቦታ አለ። የኮምፒውተርን መረብ መጀመሪያ የዘረጉት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፣ እርስ በርስም ይተዋወቁ ነበር። ማን ማንን ይጠረጥራል? ስለዚህ ጠበቅ ያለ በር አላበጁለትም። አንድ ተማሪ ፕሮግራም ራሱን እያባዛ ማሽን ሊቆጣጠር እንደሚችል በሙከራ ሲያሳይ ደግሞ አለቆቹ ደንግጠው ሙከራውን ከለከሉት። በሽታውን ትተው ያስጠነቀቀውን ሰው! እዚህ ላይ ስደርስ እኔ በሰው አገር ታሪክ እናደዳለሁ፣ ተማሪዎቼ ያዛጋሉ።

ለመውሊድ ፍላሹ ወጣ። የሰፈሩ ጎረምሶች ድምፅ ማጉያውን ያገናኙበት ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ዋለ። ሲመለስ ፋይሎቹ የሉም፤ በቦታቸው ሲከፍቷቸው የማይከፈቱ የውሸት ምልክቶች ተደርድረዋል። እኔ የፈተና ሳምንት ነበርና ኮምቦልቻ አንዲት የሥራ ባልደረባ ቤት አድር ነበር። ያን ቫይረስ አሳምሬ አውቀዋለሁ። አያጠፋም፣ ይደብቃል እንጂ። ሻይ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ አወጣው ነበር።

እማማ ግን ደንግጠው ወደ ፒያሳው ሰውዬ ሮጡ። እሱም፣ «አብሽሩ እናቴ፣ ቀላል ነው» አለና ፎርማት አደረገላቸው። ፎርማት! ያን ጊዜ የከተማው መድኃኒት ሁሉ ፎርማት ነበር። ፍላሹን ልጭት አድርጎ፣ መንዙማውን ከራሱ ኮምፒውተር መልሶ ሞላላቸውና «ዱዓ ያድርጉልኝ» ብሎ ሸኛቸው።

ሐሙስ ስመለስ ከግድግዳው ማዶ «ቢስሚላህ» ሲል ሰማሁ። ተዘጋ። እንደገና «ቢስሚላህ»። እንደገና ተዘጋ። ከዚያ እማማ በሬ ላይ ቆሙ፤ ማጫወቻዋን እንደ ሕፃን አቅፈዋታል።

«መንዙማው አለ» አሉኝ። «እኔን የሚጠራበት የታለ?»

የሆነውን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። ፒያሳ ሄጄ ሰውዬውን ላጠፋው ነበር፤ ሄድኩም። ጉዳዩን ሳስረዳው ግን እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «ያ ረቢ! እኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ…» ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። ምን ልበለው? ሁሉም ደግ ነው። ያዋሱት እማማ ደግ፣ የተዋሱት ጎረምሶች ደግ፣ ያጠፋው ሰውዬ ደግ። እነዚያ ጓደኞቼ ያልኳቸው ሰዎች ስለ ሌባና ሰላይ መያዝ ጽፈዋል፤ ከደግ ሰው የሚጠብቅ ነገር የሠራ ግን አንድም አላገኘሁም።

ፍላሽ ላይ የጠፋ ነገር ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ ይተኛል። ይህን አስተምራለሁ። ስለዚህ የኮሌጁን አንድ ኮምፒውተር ከሥሩ አጽድቼ የመፈለጊያ ፕሮግራም ጫንኩበትና ተቀመጥኩ። የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ ፎቶ ወጣ። የተቆራረጠ ድቤ ወጣ። ሳሏ እንኳ አልወጣችም፤ ያችን ቦታ የፒያሳው ሰውዬ መንዙማ ተኝቶባታል። ተማሪዎቹ ወጥተው አልቀው እኔ ብቻ ስክሪኑ ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ያን ቢሮው ወለል ላይ የተኛውን ሰው ያን ቀን አወቅሁት፤ እሱ ግን መጨረሻ ላይ የፈለገውን አግኝቷል።

ለእማማ ስነግራቸው «ደጋን!» ብለው ብድግ አሉ። ደጋን ከተማ የሚኖሩት የባላቸው ባልንጀራ ያን ሐሙስ አብረው ነበሩ፤ በብሉቱዝ ከልጅቷ ስልክ ሲቀበሉ እማማ በዓይናቸው አይተዋል። ቅዳሜ ተነሳን። እማማ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ሚኒባሷ ውስጥ ለማያውቁት ሰው ሁሉ «አፊያ ናችሁ?» እያሉ፣ ኮምቦልቻን አልፈን ደጋን ገባን። መንገዱን ሙሉ የእኔ ልብ ከእሳቸው ልብ በላይ ይመታ ነበር። ላገኝላቸው ፈልጌ ነበር፣ ወላሂ! ቄሱ አባቴ ይህን መሐላ ቢሰማ ምን ይለኝ ይሆን?

ሽማግሌው በደስታ ተቀበሉን። ስልካቸውን አውጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ፈልገው ፈልገው ከፈቱት። «ቢስሚላህ» አለ።

«ከዚህ በፊት ያለው፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ያን ቀን ስልኬ ሞልቶ አልቀበል አለ። ኋላ ፒያሳ ነው ያስጫንኩት።»

እማማ መንዙማውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ «ማሻአላህ» አሉ፣ የቀረበላቸውን ቀመሱ፣ መረቁ። ስንመለስ ላጽናናቸው ብዬ አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አድርገው፣ «ተይው፣ መቻል ነው፣ ሰብር ነው» አሉኝ። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሐሙስ ማጫወቻዋ ሳትከፈት አለፈ። ጸጥታው እኔንም በላኝ። በኋላ አንድ ሐሙስ ከአስር በኋላ የእማማ ድምፅ ብቻውን ሲናገር ሰማሁና ደንግጬ ገባሁ። ማጫወቻዋ ፊታቸው ናት፣ ፊታቸው በርቷል።

«ነይ፣ ነይ፣ ትዝ አለኝ!» አሉኝ። «ያለኝ ነገር ቃል በቃል ትዝ አለኝ። 'ነይ አጠገቤ ተቀመጪ፣ ያለ አንቺ አፌ አይፈታም' ነው ያለኝ። አንቺም ስትሰሚው ኖረሻል። እንዲህ አልነበረም?»

እኔ የማስተምረው ትምህርት ዋናው ነገሩ ይኸው ነው፦ የተላከው ቃልና የደረሰው ቃል አንድ መሆኑን ማረጋገጥ፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ እምቢ ማለት። የሚያዩኝ በጉጉት ነው። ስለ በሩ፣ ስለ ብርዱ፣ «አትጩህብኝ» ስላሉት ምንም አላነሱም።

«አዎ እማማ» አልኩ። «ልክ እንደዚያ ነው ያሉት።»

«ታዲያ እኔው ጋ ኖሮ፣ ምን ፍለጋ ደጋን ድረስ አንከራተትሽኝ?» ብለው ሳቁና ማጫወቻዋን ከፈቷት።

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሟቹን አንድ ቀን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ እውነተኛ ቃላቸውን የሚያውቅ ግን በዚያ ግቢ ከእኔ በቀር ሰው አልቀረም።