ሙሉጌጥና የዕጢ ሐኪሞቹ

የሐኪሞቹ ማኅበር ታሪኩን በመጽሔት ሊያወጣ ነውና ከታካሚ ወገንም አንድ ሰው ይጻፍ ተባለ። የተጠየቀችው ሙሉጌጥ ነበረች። እሷ ግን «እኔ ልስፋ፣ አንቺ ጻፊ» ብላ ወደ እኔ ገፋችው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ስለ ማኅበሩም የማውቀው በእሷ በኩል የመጣውን ብቻ ነው። እሱን እጽፋለሁ።

ሙሉጌጥ ልብስ ሰፊ ናት። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ የስፌት መኪናዋን በሯ አጠገብ አስቀምጣ ዩኒፎርም ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የሰፋ ቀሚስ ታጠብባለች። እኔ ከጎኗ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው የምኖረው። የመኪናዋ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ይመጣል። ለምጄዋለሁና ሲቆም ካልሆነ ልብ አልለውም።

መጀመሪያ የተለወጠው ጠባይዋ ነው። ደንበኛ ላይ መጮኽ ጀመረች። አስተማሪው ጋሽ ፍሮምሳ ሱሪው ጠበበኝ ቢሏት፣ «ሱሪው ምን አደረገ? ሆድዎን ያናግሩት!» ብላ መለሰቻቸው። እሳቸው ስቀው አለፉ፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። ቀጥሎ እጇ መንቀጥቀጥ ያዘ። ክሩ መርፌው ቀዳዳ አልገባ እያለ «ነይ አግቢልኝ» ትለኛለች። ሐምሌ ላይ፣ የእንጦጦ ጉም ቤታችን ድረስ ወርዶ እኛ ጋቢ ደርበን ስንቀመጥ፣ እሷ በስስ ሸሚዝ ሆና ላቧን ትጠርጋለች። የሁለት ሰው ምግብ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ዓይኗ ወጣ ወጣ አለ፤ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አይታ እዚያው እንደቀረች ሰው ሆነች።

ጎረቤቱ የየራሱን አለ። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ ሌላው ነርቭ። እንጦጦ ወጥታ ተጠመቀች። ስትመለስ ልቧ ሸሚዟን ከውስጥ ሲገፋው በዓይኔ አየሁ። እኔ ተስፋ ማድረግ ብዙ አይሆንልኝም። ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ፤ ይቺም ልትሄድ ነው አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው፣ የካ ሚካኤል አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ነጻ ምርመራ አለ ብለው ለፈፉ። ወረድን። በሩ ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ «የዕጢ ሐኪሞች ማኅበር» ይላል። ሰው ያነባል፣ ያማትባል፣ ያልፋል። ሙሉጌጥም ፊቷን አዞረች።

«እኔ ዕጢ የለብኝም።»

«ነጻ ነው ሙሉዬ፣ ግቢ።»

«በነጻ ዕጢ ይስጡኝ?»

እኛ ሰፈር ዕጢ ማለት አንድ ነገር ነው። ተቆርጦ የሚወጣ፣ ተቆርጦም የሚመለስ። የታች ቤቱን አቶ አባይነህን የገደላቸው ነው። ቢሆንም ጎትቼ አስገባኋት። ደም ሰጠች። በሳምንቱ ውጤት ለመስማት አብረን ገባን። ዶክተር ነአምን የሚባል ገና ጢሙ ያልጠናለት ሐኪም ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ።

«ዕጢዎ ነው። ከልክ በላይ እየሠራ ነው።»

ከዚያ በኋላም ብዙ ተናገረ። እሷ አልሰማችም፣ እኔም አልሰማሁም። ያዘዘላትን መድኃኒት ሳንወስድ ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ አንድ ጊዜ ቆም አለችና፣ «እየሠራ ነው አለ፣ ሰማሽ? ሰው ሥራ ሲፈታ እሱ ሥራ ላይ ነው» አለች። 

በማግስቱ የሰው ጨርቅ ሳይሰፋ መመለስ ጀመረች። መኪናዋን ለእህቷ ልጅ ለሄለን አደራ አለችኝ። ተኛች። በግድግዳው በኩል ምንም አይሰማም። ዝምታ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት ልጠይቅ ወደ ጤና ጣቢያው ወረድኩ። ሄለን ክፍለ ሀገር ናት፤ ሳይረፍድ ልደውልላት ነበር። የዚያን ቀን ከልጅ እግሩ ሐኪም ጎን ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ተቀምጠዋል። ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዷ ናቸው፣ ዶክተር አምለሰት።

«ስንት ጊዜ ይቀራታል?» አልኩ።

«ለማን ነው?»

«ለሙሉጌጥ። ዕጢ ላለባት።»

ሴትዮዋ ወደ ልጁ ዞሩ። «ነአምን፣ ምን ብለሃት ነው?»

«እውነቱን ነው የነገርኳት ዶክተር። ዕጢዋ ከልክ በላይ...»

«ዕጢ አልካት።»

«ታዲያ ምን ልበላት? የማኅበራችን ስም አይደል እንዴ?»

ሴትዮዋ በር ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ትንሽ አዩት። ከዚያ ቦርሳቸውን አነሱና «ቤቷ ሩቅ ነው?» አሉኝ።

ያንን ዳገት በዚያ ዕድሜያቸው ወጡት፤ ልጁ ከኋላ መድኃኒቱን ይዞ ይከተላል። አንድ የታወቀ ሐኪም እኛ ቤት ለመድረስ ሲያለከልክ አይቼ አላውቅም። ሙሉጌጥ ስታያቸው ልትነሳ ሞከረች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ውሃ ጠየቁ። እንግዳ ነውና ሙሉጌጥ ራሷ ቀዳች፤ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ጣትሽን አምጪ» አሏት። የሙሉጌጥን ጣት ይዘው በገዛ አንገታቸው ላይ፣ ከማንቁርታቸው ዝቅ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ ውሃውን ተጎነጩ። «ከጣትሽ ሥር ብድግ ያለ ነገር አለ?»

«አለ።»

«እሱ ዕጢዬ ነው።»

ሙሉጌጥ እሳት እንደነካት ጣቷን ሰበሰበች። «እርስዎም ሊሞቱ ነው?»

«እንዴታ፣ አንድ ቀን። በዚህ ግን አይደለም። ሁላችንም ይዘነው ነው የተወለድነው። ልብሽ በስንት እንዲሮጥ፣ ገላሽ ስንት እንዲሞቅ የሚያዝዘው እሱ ነው። ያንቺው ትእዛዝ አብዝቷል፤ ዝም የሚያሰኝ ክኒን አለን።»

እኔም ሳላስበው አንገቴን ይዤ ምራቄን ዋጥኩ። ከጣቴ ሥር ለስላሳ ነገር ብድግ ብሎ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ዘመን፣ ስደክም፣ ስናደድ፣ ስተኛ፣ እዚያ ተቀምጦ ሲሠራ ኖሯል። ማንም አልነገረኝም። እግዜር ያን ያህል ሰፊ ነገር በአውራ ጣት በሚሸፈን ቦታ ማስቀመጡ ያኔ ገረመኝ፤ እስከ ዛሬም መገረሜ አልለቀቀኝም።

ዶክተሯ ትንፋሻቸው እስኪመለስ አወሩን። ማኅበሩን ሲያቋቁሙ የአገሪቱ የሆርሞን ሐኪሞች ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ አይሞሉም ነበር። የመጀመሪያውን ስብሰባ ያደረጉት መሪ ሰፈር፣ በአንዳቸው ሳሎን ነው። ከቀትር እስከ ምሽት የተከራከሩት ስለ ስም ነበር። ሆርሞን የፈረንጅ ቃል ነው፣ ማን ይገባዋል አሉ። በመጨረሻ ዕጢ ብለው ተስማሙ።

«እናቶቻችን እንዲገባቸው ብለን ነው ያወጣነው» አሉ። «ለካ ገብቷቸው ነው የሚሸሹን።»

ልጁ ነአምን አቀርቅሮ ነበር። ሙሉጌጥ አየችውና፣ «ተወው ልጄ፣ እኔም ሰው ሱሪ ጠበበኝ ሲለኝ ሆድህ ነው እላለሁ» አለችው።

ክኒኑን ጀመረች። ቶሎ አልሆነም። ላቡ ቆመ፣ ከዚያ ልቧ ረጋ፣ ሥጋዋ ተመለሰ። ዓይኗ ሙሉ በሙሉ አልገባም፤ አሁንም ትንሽ የደነገጠች ትመስላለች። አንድ ጠዋት ግድግዳው በስፌት መኪናዋ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ነቃሁ። ክሩን ማን አስገባላት ብዬ ሮጥኩ። ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

አምና የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ሁለታችንም ተጠራን። ወደ አዳራሹ ስገባ በሩ ላይ ቆም አልኩ። አንድ ሚኒባስ የማይሞሉት ሰዎች ወንበር አልበቃ ብሏቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ክርክሩ እንደገና ስለ ስም ነበር። ዶክተር ነአምን ስንት ሰው አስደንግጠን መልሰናልና ይቀየር አለ። ዶክተር አምለሰት ደግሞ ቃሉን ብንሸሸው ሰውም እንደፈራው ይቀራል፣ ሰው የገዛ ገላውን በስሙ ይወቀው አሉ። ከዚያ ሙሉጌጥን ወደ ፊት ጠሩ።

ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ፣ እስከ አፉ የሞላ። ሙሉጌጥ ሁሉም እጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። ያ ሁሉ ሐኪም እንደ ተማሪ ታዘዘ።

«ዋጡ» አለች።

ዋጡ።  ሽማግሌውም ልጁም ጉሮሮውን ይዞ፣ ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ፣ በየመጽሐፉ ያነበበውን ነገር በገዛ ጣቱ ያዳምጣል። እኔ እንዲያ ያለ ዝምታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው የማውቀው።

«እንግዲህ ሁላችሁም ዕጢ አለባችሁ» አለች ሙሉጌጥ። «እግዜር ይማራችሁ።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ስሙም ሳይቀየር ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሐኪሞቹ ቃሉን ከማውጣታቸው በፊት የበሽተኛውን ጣት በራሳቸው አንገት ላይ ያስቀምጣሉ አሉ።

እኔ ሳቁን ብዙም አልሰማሁትም። እጇን ነበር የማየው። ብርጭቆውን በአንድ እጇ አነሳች፣ ጠጣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። የጠረጴዛው ጨርቅ አልረጠበም።