ሦስተኛው ጥሪ

ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ ከሰው በፊት የሰው ድምፅ ይደርሳል። ይህን ከሆጤ ሰፈር ሰው ሁሉ አብልጣ ሽርጥ ሰፊዋ ጀሊላ ታውቃለች። ወንድሟ ባሽር በሰባት ዓመቱ፣ ልክ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲል፣ ከጉሙ ውስጥ ስሙ ሲጠራ ሰማ። «አቤት!» ብሎ ሮጦ ወጣ። እንደወጣ ቀረ።

እናታቸው ለተረፉት ሁለት ሴት ልጆቿ፣ ለጀሊላና ለታናሿ ለኢንሻራህ፣ ሕግ አወጣችላቸው። «ፊቱን ያላያችሁት ድምፅ ሲጠራችሁ አንደኛውን ዝም፣ ሁለተኛውንም ዝም በሉ። ከሠለሰ ሰው ነው። ጅን ሦስት ጊዜ አይጠራም።»

ኢንሻራህ፣ ድንበሩ ክፍት በነበረበት ዘመን፣ ከጎረቤት አገር የመጣ ነጋዴ አግብታ አብራው ተሻገረች። ልጇ ሲድራ ሁለት ዓመት ሲሞላት «ለአሥራ አምስት ቀን አክስቷን ትይ» ብላ ወደ ደሴ ላከቻት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድንበሩ ተዘጋ። ይኸው አምስት ዓመት።

ጀሊላ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች ታንጎራጉራለች፦

ጉሙ ተጋረደኝ፣ መንገዱ ጠፋብኝ፤
ልጅሽ አንቺን መስላ በደጅ ገባችብኝ።

ሁለቱ አገሮች ትልልቅ ስብሰባ ላይ በሕፃናት መብት ይወነጃጀሉ ጀመር። «ልጆቻችንን ይዛችሁብናል» ይላል አንዱ፤ ሌላውም ያንኑ ይመልሳል። ጎረቤቷ ሀምዲን፣ ባለሱቁ፣ ሬዲዮውን እየቀነሰ፣

«ጀሊላ፣ ሲድራን ሳይጠሩ ስለ ሲድራ አንድ ሰዓት አወሩ እኮ!» አላት።

«ወላሂ እንኳን አልጠሯት! ስሟ በዚያ ሁሉ አፍ ውስጥ ዞሮ እንደ ጨርቅ ቀለም ይለቅብኝ?»

በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። እናት በስልክ ትጥራ፤ ልጅ ከመለሰች ስሟ ከሚመለሱት ዝርዝር ይገባል። ጀሊላ ሲድራን ይዛ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። የተለያዩ ቤተሰቦችን በሚያገናኘው ቢሮ ወንድምአገኘሁ የሚባል ሠራተኛ ተቀበላቸው።

«እትዬ ጀሊላ፣ ከሁለቱም ወገን የሚያዳምጡ አሉ። እርስዎ ምንም እንዳይናገሩ።»

ስልኩ እንደ ነፋስ አፏጨ። ከዚያ፣

«ሲድራ!»

ጀሊላ ድምፁን አወቀችው። የሞተችው እናታቸው ድምፅ ነበር፤ ኢንሻራህ ስታድግ እሱን ወርሳ ኖሯል። ሲድራ ከንፈሯን ገጥማ አንድ ጣት አነሳች።

«ሲድራዬ! እማ ነኝ!»

ሁለተኛዋን ጣት አነሳች። ሕጉን እንዳልረሳች ለማሳየት ለአክስቷ ፈገግ አለችላት። «መልሺላት» የሚለው ቃል ጀሊላ ምላስ ላይ ነበር። አላወጣችውም። ስለተከለከለች ይሁን ልጅቷን ስለሳሳችላት፣ ራሷም አታውቅም። መስመሩ ተቋረጠ። ሦስተኛዋ ጣት ሳትነሳ ቀረች።

በሳምንቱ ሬዲዮው ስለዚያች ዝምታ አወራ። አንደኛው አገር «ልጅቷን አስፈራርተው አፏን ዘጉት» አለ። ሌላኛው «የጠራቻት እናቷ አይደለችም» አለ። ጀሊላ መቀሷን አስቀምጣ ብቻዋን ኮምቦልቻ ወረደች።

«ማንም አላስፈራራት፤ እህቴም አልዋሸች። ልጅቷ ሦስተኛውን እየጠበቀች ነበር። ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለችው።

«ይህን እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ እትዬ?»

«እንደነገርኩህ ነዋ፣ ልጄ! ጅን ሦስት አይጠራም ብለህ ጻፍ።»

ወንድምአገኘሁ ሊስቅ ቃጣውና ፊቷን አይቶ ተወው። ጻፈ።

«ይህንንም ጨምርበት። ‹መልሺ› ልላት እችል ነበር። ዝም አልኩ።»

 እሱ ያንንም ጻፈ፤ እሷም ፈረመች።

ወር አለፈ። አንድ ቀን መግሪብ ሲል ጉሙ እስከ ደጃፉ ወረደ። ጀሊላ ፔዳሉን እየረገጠች የመኪናዋ ድምፅ ግን አልሰማ አላት። ከውጭ፣

«ሲድራ!»

ያው ድምፅ። ልጅቷ ተነሳች። በስልኩ የቆጠረችባቸውን ሁለት ጣቶቿን አወጣች፣ ሦስተኛዋን ጨመረች፤ አንድ እግሯን ከደጃፉ አሳልፋ ወደ አክስቷ ዞረች።

«ሦስት ሆነ። ልመልስ?»

ጀሊላ ሳትመልስላት ስልኩ ጮኸ። ወንድምአገኘሁ ነበር።

«እትዬ ጀሊላ፣ የምሥራች! ቃልዎን ተቀብለውታል። እናቷ ነገ ጠዋት ትጠራታለች።»

«ነገ?» አለች። «አሁን የጠራቻትስ?»

«ማን ጠራት?»

ጀሊላ ልጅቷን በቀሚሷ ጎትታ ወደ ውስጥ አስገባቻት። በሩን ዘጋች፤ ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብላ አቀፈቻት።

«ስሚኝ፣ ሲድራ። ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ሰውየው ስልኩን ሲያነሳልሽ ጣትሽን እንዳታነሺ። እንዳትቆጥሪ። ገና በመጀመሪያው ‹አቤት እማ› በይ።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉን እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«ከመለስኩ እኮ እሄዳለሁ፣ አክስቴ።»

«ትሄጃለሽ» አለች ጀሊላ።

ከበሩ ማዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ የሚመስል ድምፅ «ጀሊላ» አለ።

ሲድራ ቀና ብላ አክስቷን አየቻት። ጀሊላ አንድ ጣት አነሳች።