ወይዘሮ ብዙአየሁ፣ የዳንግላ የልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት መራጭ

ወይዘሮ ብዙአየሁ ማረፋቸውን የሰማሁት እንጅባራ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ምሕረት ነበረች። «እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለችኝ። ቀጥላ ልትናገር ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እንደገና ስትደውል የቀብሩን ሰዓት ነገረችኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ዳንግላ ሄድኩ።

በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት በታይፒስትነት ማገልገላቸው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆች ለብቻቸው ማሳደጋቸው፣ ጡረታ ወጥተው መጻሕፍት ማከራየታቸው ተነገረ። ሁሉም እውነት ነው። «መጻሕፍት ያከራዩ ነበር» የምትለዋ መስመር ስትነበብ ግን ከጎኔ የቆመው አላምረው የተባለ ጋሪ ነጂ ቀና ብሎ አየኝ። «ይኸው ብቻ?» አለኝ በዝግታ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በእሱ ጥያቄ ምክንያት ነው። እትዬ ብዙን የምታውቋቸው ሁሉ የየራሳችሁ ታሪክ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ የራሴን ልንገራችሁ።

ሱቃቸው ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። የፍቅር ታሪክም፣ መንፈሳዊ መጽሐፍም፣ የትምህርት መርጃም አይጠፋባትም። ሰፊው መደርደሪያ ግን የልብ አንጠልጣዮች ነበር፤ የግድያ ምርመራዎች፣ ሰው አእምሮ ውስጥ ገብተው የሚያስጨንቁ ታሪኮች፣ መርማሪው ራሱ ንጹሕ ያልሆነባቸው ጨለም ያሉ የወንጀል ልቦለዶች። አዲስ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲላክላቸው በቀጥታ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ራሳቸው ያነቡታል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። «አንዱ ጥፋተኛውን ለማግኘት ነው። ሁለተኛው ደራሲው የት ላይ እንደሸወደኝ ለማየት» ይሉ ነበር። ከዚያ ከአሮጌ የጽሕፈት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው የመዳፍ ስፋት ያላት ወረቀት ይመቱና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይለጥፏታል።

አንዷን ወረቀት እስከ ዛሬ በቃሌ ይዣታለሁ። «የሚሆነው፦ ቸኩሎ ለማይፈርድ ሰው። የማይሆነው፦ በቅርቡ ሐዘን ለደረሰበት። ገዳዩን ከሃምሳኛው ገጽ በፊት አውቄዋለሁ የሚል ካለ መጥቶ ይንገረኝ፤ እኔ አላወቅሁትም።»

መጽሐፍ እመርጣለሁ ብሎ የሚገባ ሰው ተመርጦለት ይወጣ ነበር። አላምረው፣ ባጃጅ በዝቶ ተሳፋሪ ሲያንሰው፣ ሰዓቱን የሚገፋበት ፈልጎ መጣ። «ቶሎ የሚያልቅ ስጡኝ» አላቸው። እትዬ ብዙ ከሁሉ ወፍራሙን አውርደው ሰጡት። «አንተ ጊዜ አለህ፤ ቶሎ የሚያልቅ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። በሳምንቱ ሲመጣ ፊቱ ሁሉ ተለውጦ ነበር። ልጓሙን ይዞ እያነበበ ፈረሱ ሳይነዳ ቤቱ እንዳደረሰው ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ያለ መጽሐፍ ጋሪው ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የሚመጣ የግብርና ባለሙያም ነበር፤ ወንድሙ በሰው እጅ የሞተበት። «የሚበቀል ሰው ያለበት መጽሐፍ ይኖርዎታል?» ሲላቸው እዚያው ነበርኩ። «አለኝ፤ ግን ለአንተ አላከራየውም» አሉና በነፍሰ ገዳዩ አንደበት የተጻፈ፣ ሰውየው ከግድያው በኋላ እንዴት እንደሚኖር የሚተርክ ልቦለድ ሰጡት። መጽሐፉን ይዞ አንድ ወር ቆየ። ሲመልስ በርጩማ ስበው አስቀመጡትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲወጣ ሌላ መጽሐፍ ይዞ እንደወጣ ግን አይቻለሁ።

እኔ ያን ጊዜ ዳንግላ አስተምራለሁ፤ ካገባሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። በዚያ ዓመት መርሳት ጀመርኩ። ቁልፍ አስቀምጣለሁ፤ ከቦታው አላገኘውም። ቆልፌው የወጣሁት በር ስመለስ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። አርሜ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት የአንድ ክፍል ሙሉ የፈተና ወረቀት ጠፋ። ባለቤቴ አይቆጣኝም። «አይዞሽ፣ ደክሞሽ ነው። ማስተማሩ ከብዶሻል» እያለ ያባብለኛል። የጠፋውን ቁልፍ ከዱቄት ዕቃ ውስጥ ፈልጎ የሚያወጣልኝም እሱ ነው። ጠበል ተጠመቅሁ። ስለ ወረቀቱ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈብኝ በኋላ ደግሞ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ መዞር ያዝኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተከራየሁትን የፍቅር ልቦለድ ልመልስ ወደ እትዬ ብዙ ሄጄ ቦርሳዬን ስከፍት መጽሐፉ የለም።

«ቤት ረስተሽው ይሆናል» አሉኝ።

«ጠዋት በእጄ ነው የከተትኩት» አልኩ። ወዲያው ደግሞ «እንጃ፤ አሁን አሁን ራሴን አላምነውም» አልኳቸውና እንባዬ መጣ። ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ችሎት ውስጥ ሲሰሙት በኖሩት ዓይነት ድምፅ ጠየቁኝ።

«የጠፋውን ዕቃ የሚያገኘው ማን ነው?»

«ባለቤቴ።»

«አንቺ ያገኘሽበት ጊዜ አለ?»

አሰብኩ። አንድም ቀን አልነበረም።

«ትምህርት ቤትስ ዕቃ ይጠፋብሻል?»

«ትምህርት ቤት… አይጠፋብኝም።»

ስለ ባለቤቴ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ገና ወረቀት ያልተለጠፈበት አዲስ የትርጉም መጽሐፍ አንሥተው ሰጡኝ። «ይህን ቤት አትውሰጂው። ከሥራ ስትወጪ እየመጣሽ እዚሁ አንብቢው» አሉኝ።

ታሪኩ በአንድ የወደብ ከተማ ስለሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቅየው ታናሹን «በእንቅልፍህ ትሄዳለህ፤ የምትሠራውን አታውቅም» እያለ ያሳምነዋል። በሁለተኛው ቀን፣ ታላቅየው የወንድሙን ጫማ ጭቃ ለቅልቆ ከአልጋው ሥር ሲያስቀምጥ የሚያሳየው ገጽ ላይ ደረስኩ። ገጹን ደግሜ አነበብኩት። ቀና ስል እትዬ ብዙ እያዩኝ ነበር። «ጨርሺው» ብቻ አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጨረስኩት። «አሁን ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ልቦለድ ማስረጃ አይሆንም። ባሏን በተረት ከሰሰች እንዳትባዪ። የሚታይ ነገር እንያዝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ከመግባቴ በፊት በሱቃቸው በኩል አልፋለሁ። ምኑን የት እንዳስቀመጥኩ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ከነሰዓቱ በጽሕፈት መኪናቸው ይመቱታል፤ ሁለታችንም እንፈርምበታለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምኑን የት እንዳገኘሁት ይጻፋል። ወረቀቱ ከእሳቸው ዘንድ ይቀመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖርኩት የታረመ ፈተና ጠፋ። ባለቤቴ ትከሻዬን ይዞ «ደክሞሽ ነው» አለኝ። ያን ዕለት አላለቀስኩም። በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ፣ ነክቼው የማላውቀውን የብረት ሣጥኑን ከፈትኩ። ሁለቱም የፈተና እስሮች እዚያ ነበሩ። የፍቅር ልቦለዱም ከላይ ተቀምጧል።

የፈተናዎቹን እስሮች ይዤ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ «አእምሮዋ ታሟል፤ ላሳክማት መልሱልኝ» ብሎ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አባቴ አዊኛም አማርኛም አዋቂ፣ በአገሩ የተከበረ ገበሬ ነው፤ ያን ቀን ግን አንገቱን ደፋ። አማቹን ይወደው ነበር። ሽማግሌዎቹም በርኅራኄ ያዩኛል፤ ከቁጣ ይልቅ ያ ርኅራኄ አስፈራኝ። የምናገረው ሁሉ የበሽተኛ ቃል ሊሆን ነው።

እትዬ ብዙ የዚያን ጊዜ ነው የገቡት። ሽማግሌ መቀመጡን ሰምተው ከዳንግላ ድረስ መጥተው፣ ከመንገዱ ወዲህ ያለውን ጭቃ በእግራቸው አልፈው ነው። እጅ ነሥተው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ከፌስታል ውስጥ ሁለታችን የፈረምንባቸውን ወረቀቶች አወጡ። «ከመፍረዳችሁ በፊት ይህ ይነበብ» ብለው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። ቀን፣ ሰዓት፣ ዕቃ፣ የተቀመጠበት፣ የተገኘበት፣ ፊርማ። የአሥራ አንዱን ቀን ጽሑፍ አንብበው ጨረሱ።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህ እውነት ነው?»

«ሥራዋን ትታ ቤቷ እንድትቀመጥ ብዬ ነው» አለ።

አባቴ ተነሥቶ ለእትዬ ብዙ እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። አባቴ ለሴት እንዲህ ሲያደርግ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ተፋታን። ማስጠንቀቂያው ተነሣልኝ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ቀደድኩት፤ በኋላም ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ። ከመሄዴ በፊት እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው።

«አላወቅሁም፤ ጠረጠርኩ እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ወጣት ታይፒስት ሳሉ በአንድ ሩቅ ወረዳ ስለደረሰ ነገር አጫወቱኝ። አንዲት ሴት ስለ ባሏ የተናገረችው ሁሉ «አእምሮዋ ልክ አይደለም» ተብሎ ተጣለ። ውሳኔውን በጽሕፈት መኪና የመቱት እሳቸው ነበሩ። እውነቱ ሲወጣ ሴቲቱ በሕይወት አልነበረችም። «ታይፒስት አይጠየቅም ይላሉ» አሉኝ። «እኔ ግን ጣቶቼን አያቸዋለሁ። እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሰው በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ አውቄ ብቀመጥ፣ ሁለተኛዋ ስትመጣ አታመልጠኝም ብዬ።»

ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። ስንት ዓመት እንደጠበቁኝ ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ምሕረት እንደነገረችኝ፣ ሐኪም ቤት ተኝተው ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ የምታስታምማቸውን ነርስ ምን ማንበብ እንደምትወድ ጠይቀዋታል። «ጊዜ የለኝም» ብትላቸው «እንግዲያው አጭር ነው የሚሆንሽ» ብለው የአንድ መጽሐፍ ስም በምሕረት እጅ አስጽፈው ሰጧት።

እትዬ ብዙ፣ እንጅባራና ዳንግላ ሩቅ አይደሉም። ቅዳሜ እመጣለሁ እያልኩ ስንት ቅዳሜ አሳለፍኩ። በስልክ ስንነጋገር እርስዎ ስለ አዲስ መጽሐፍ ያወሩኝ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሰማለሁ፤ ልነግርዎ የሚገባኝን ግን አልነገርኩዎትም። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬም አስተምሬ ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው። ጤነኛ ነኝ። የገዛ አእምሮዬን አምነዋለሁ። ያን የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት፤ ፊት ለፊት ቆሜ አመሰግናለሁ ሳልልዎ ሄዱ። እነሆ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ አመሰግንዎታለሁ። የደከሙትን ያህል ይረፉ፣ እናቴ።