የአባቴን ስልክ የምታነሳው ሴት

ረቡዕ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

አባቴን ለማየት ነው ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ብል ግማሽ ውሸት ይሆናል። የሄድኩት ነጂማ የምትባለውን ሴት ልይ ብዬ ነው። አባቴ የባቡር ጋራዥ ጡረተኛ ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቤታችን ብቻውን ይኖራል። ሁለት ወር ሙሉ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የምታነሳው ይቺ ሴት ናት። «ነጂማ ነኝ፤ ቆይ ልስጠው» ትላለች፤ ሌላ ነገር የለም። እሁድ ዕለት ግን አባቴ እያወራኝ ሳለ ከጀርባው፣ «ንገራት! አሁን ንገራት» ስትለው ሰማሁ። እሱ «በይ ደህና ዋይ» ብሎ ዘጋው።

ምኑን ነው የሚነግረኝ? ቤቱን አስፈርማዋለች? አግብታዋለች?

መንገድ ላይ

በቴሌግራም ልብስ እሸጣለሁ። አውቶቡስ ውስጥም ለደንበኞቼ የቀሚስ ልክ ስመልስ ነበር የዋልኩት። ጭሮ ምሳ በልተን ስንነሳ አጠገቤ የተቀመጡት ጥቁር የለበሱ እናት ወደ ሂርና ለምን እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ልብ ሳልል «እሰይ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ሲወርዱም አልተሰናበቱኝም። ኩሩ ሴት ናቸው ብዬ አለፍኩ። ደንገጎ ቁልቁለቱን ስንጀምር የድሬ ሙቀት በመስኮት ገባ።

ከዚራ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ባጃጅ ይዤ ቤታችን ደረስኩ። በሩን የከፈተልኝ ሽርጥ ያገለደመ የማላውቀው ሰው ነው።

«አባትሽ? እኛ ተከራይተነዋል እኮ። እሱ መጋላ ነው፣ ነጂማ ጋ።»

በዚያው ባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግሬ፣ እየጠየቅኩ የመጋላን ጠባብ መንገዶች ገባሁ። ነጂማ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ወጣች፤ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል።

«ሰናይት? አልሃምዱሊላህ፣ መጣሽ!»

ደስታዋንም ጠረጠርኩት። አባቴ ግቢው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ወደ እኔ እያየ፣ «ነጂማ፣ ማነው የመጣው?» አለ።

አላየኝም።

ነጂማ ላይ ጮህኩባት። «እንዲህ እስኪሆን ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ነግሬሻለሁ» አለ አባቴ። «ዐይኔን ሞራ ሸፈነው፣ ስልኩን ማየት አቃተኝ፣ የጓደኛዬ ልጅ ጋ ገብቻለሁ አልኩሽ። ‹በጣም ጥሩ አባዬ› አልሽኝ።»

«መቼ?»

«ሁለቴ ነግሮሻል፣ ወላሂ» አለች ነጂማ። «እዚሁ ሆኜ ሰምቻለሁ። እሁድ ደግሞ ሐሙስ ቀዶ ጥገና እንዳለህ ንገራት ብለው እምቢ አለ።»

«ለምን አባዬ?»

«ሥራ ላይ ነበርሽ። ጣትሽ ስልኩን ሲነካካ ይሰማኛል።»

አላመንኳቸውም። ተለይቼ ቆሜ የድሮ ጥሪዎቼን ከፈትኩ። ነጂማ ስልኩን ማንሳት በጀመረችበት ሰሞን ረጅም ጥሪ አለ። በዚያው ሰዓት ለደንበኞቼ የጻፍኳቸው መልሶችም አሉ፤ በየደቂቃው። ሊጡን ወደምታቦካው ነጂማ ሄጄ «ይቅርታ» ስላት፣ «አቦ፣ ተይው፤ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ክሊኒክ

ተራ ስንጠብቅ አባቴ መጀመሪያ ፊደል ከዐይኑ የጠፋበትን ቀን ይነግረኝ ጀመር። መሀረብ ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት የዚፑን ድምፅ ሰማና አቆመ።

«መሀረብ ነው፣ አባዬ።»

«እሺ» አለ። ወሬውን ግን አልቀጠለም። ሐኪሙ እስኪጠራን ድረስ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ።

አርብ የቀኝ ዐይኑ ፋሻ ተነሳ። አንዴ ነጂማን፣ አንዴ እኔን አየ። እኔ ላይ ቆየና፣ «ከስተሻል» አለኝ።

አዲስ አበባ፣ እሁድ

ሌባ ፍለጋ ሄጄ አባቴን ማን እየደገፈው እንደነበር አይቼ ተመለስኩ። ያልሰማሁትን ሁሉ ሰው የደበቀኝ ይመስለኝ ነበር፤ ከጉዞው ይዤ የመጣሁት ይህን ማወቄን ነው። ቤት ገብቼ ደወልኩለት። ራሱ አነሳው። ስለ ግራ ዐይኑ ትንሽ አወራኝና፣

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ።

«ምንም። አንተን እየሰማሁ ነው።»

«ምን አልኩሽ?»

«ግራ ዐይንህ በሚቀጥለው ወር ቀዶ ጥገና ይደረግለታል።»

«በየትኛው ቀን?»

ሊይዘኝ እንደሆነ ገባኝ።

«ቀኑን አልነገርከኝም።»

«እሺ» አለ። ከዚያ ወሬውን ቀጠለ።