ከኤረር በር ውጭ የቀበርኩት ጥርስ

ልጄ የጥርስ ሐኪም ከሆነ በኋላ እንደገና ውጭ አገር ሄዶ ተማሪ ሆነ። ጎረቤቴ «ሐኪም ከሆነ ወዲያ ደግሞ ምን ቀረው?» አለችኝ። እሱ ግን አስረድቶኝ ነበር። የተቦረቦረ ጥርስ የሚሞላበት ነገር ቶሎ ይሰነጠቃል፤ የማይሰነጠቅ እንዴት እንደሚሠራ ነበር የሚያጠናው።

በእረፍቱ መጥቶ ሁለት ሳምንት ከእኔ ጋር ሰነበተ። አንድ ቀን ከፈረስ መጋላ ገበያ ሲመለስ የጨው ውሃ ያለበት ጠርሙስ ይዞ ገባ። ውስጡ የተነቀሉ ጥርሶች ነበሩ፤ እዚያ ያለ ጥርስ ነቃይ ነው የሰጠው። ሙሌቱን የሚፈትነው በእነሱ ላይ ነው።

ደነገጥኩ። በእኛ ዘንድ የወለቀ ጥርስ ይቀበራል እንጂ እንዲህ አይዞርም።

«የሰው ገላ ነው» አልኩት። «ከቤቴ አውጣው።»

«እማ፣ ባለቤቶቹ እኮ ጉንጫቸውን ይዘው ሮጡ። ዞር ብለውም አላዩት።»

«አላህ ያየዋል።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና አጠገቤ ተቀመጠ። «ፈትኜ ስጨርስ አንድ በአንድ እቀብራቸዋለሁ። ወላሂ።»

ጠርሙሱን አንስቼ ከቤቱ ጥግ አኖርኩለት። መፍቀዴ ነበር።

ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ቃሉን ጠበቀ። ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ዛፍ ሥር በማንኪያ ሲቆፍር አስተማሪው አይቶት «ምን ጠፋብህ?» እንዳለው ጻፈልኝ። ለጎረቤቴ አነበብኩላትና ሁለታችንም ሳቅን። የመጨረሻ ደብዳቤው ይኸው ነበር።

ሳምባውን ታሞ ነው የሞተው አሉኝ። የሰማሁት እዚያው ከተቀበረ በኋላ ነው። እዚህ አስከሬኑ በሌለበት ተሰገደለት። ለቀስተኛው ሲበተን እኔ የምሄድበት መቃብር አልነበረኝም። አባቱ ያረፈው ከከተማው ግንብ፣ ከኤረር በር ውጭ ነው፤ ጎኑ ባዶ ነበር።

ከወራት በኋላ አስተማሪው ሣጥኑን ላከልኝ። መጻሕፍት፣ ሹራብ፣ ያላለቀ ጽሑፉ፤ ከታች ደግሞ አንዲት የመድኃኒት ቆርቆሮ። ስከፍታት በወረቀት የተጠቀለለ የመንጋጋ ጥርስ አገኘሁ። ወረቀቱ ላይ በእጁ ጽፏል፦ «የራሴ ነው፤ እዚህ ነቀሉልኝ። ስመለስ እማ ትቀብረዋለች።»

ሼኹ ዘንድ ሄጄ «ይሰገድበታል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በሕይወቱ ሳለ የተለየው ነው፤ አይሰገድበትም። ቅበሪው ብቻ» አሉኝ።

በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከአባቱ ጎን በእጄ ቆፍሬ ቀበርኩት። ጉድጓዱ ከመዳፌ አይሰፋም። ያን ቀን ስለ ጠርሙሱ ስቆጣው ተቀይሞኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ለእኔ ብሎ አያስቀምጥም ነበር።

ልጃቸው በሰው አገር የቀረባቸው ስንት እናቶች ይህንንም አላገኙም። አልሐምዱሊላህ። ሐሙስ ሐሙስ ስሄድ፣ አጠገቡ የምቀመጥበት አለኝ።