ጥንዱ እቤቱ አለ

እናንተዬ፣ ሰው አገሩን ጥሎ የሚወጣው በጨለማ ተደብቆ ነው ይባላል። እኔ ግን ከቆቦ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ የሰው ደም ሸሚዜ ላይ ሳይደርቅ ነው። ታጣቂዎቹ ምሳ ሲበሉ በጓሮ ዘልዬ፣ በማሽላው መሀል ለመሀል ወደ ዞብል ተራራ ሮጥኩ፤ ከዚያ አፋር፣ ከአፋር ጅቡቲ። ደሙ የጋሽ ሰይድ ነበር።

መቼም የማታውቁኝ ትኖራላችሁ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተምሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ቆይቼ፣ በመጨረሻ ቆቦ ተመልሼ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ የራያን ሙዚየም የከፈትኩ ሰውዬ ነኝ። «ዱላና ቅል ሲለቅም አበደ» ተብያለሁ። ይበሉኝ! ለእኔ ዕቃ ያለ ሰጪው ስም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ማን እንደሰጠኝ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሰጪው ምን እንዳለ ቃል በቃል እመዘግብ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከዋጃ የአባታቸውን አሮጌ ጠመንጃ፣ ውጅግራውን፣ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። ስመዘግብ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው አዩኝና፣

«ጥንዱ እቤቴ አለ፤ እሱንም ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍኩት። ምን ቸገረኝ!

ጦርነቱ ሲመጣ ታጣቂዎች መጋዘኑን ሰብረው ገቡ። ማሰሮውን በሰደፍ፣ መስታወቱን በእርግጫ አደቀቁት። መዝገቡን ግን አልቀደዱትም፤ ቁጭ ብለው አነበቡት። በማግስቱ ጋሽ ሰይድን የፊጥኝ አስረው አመጧቸው። ቤታቸውን እስከ መሠረቱ ቆፍረው ምንም አላገኙም።

«ሁለተኛው ጠመንጃ የት አለ?»

«ስህተት ነው! እኔ ነኝ ተሳስቼ የጻፍኩት!» ብዬ ጮህኩ። በሰደፍ ጥርሴን አረገፉት።

ጋሽ ሰይድ፣ ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ቀና አሉ። «ወላሂ አለ። ለእናንተ ግን አይሰጥም።»

ሦስት ጊዜ ጠየቋቸው። ሦስቴም ያንኑ መለሱ። ሙዚየሙ በር ላይ ግንባራቸውን በጥይት መቷቸው፤ እኔ ላይ ወደቁ።

አሁን ጀርመን ነኝ። ጅቡቲ ሳለሁ አንድ የጀርመን ሙዚየም ለስብሰባ ጠራኝ፣ በዚያው ቀረሁ። እዚህ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አትሞቅም። ቲማቲሙ ውሃ ነው፣ የማሽላ እንጀራ በህልሜ ብቻ። የጥገኝነት ቢሮው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ፦

«ሙዚየም ለመክፈትህ ዶኩመንት አለህ?»

«መዝገብ ነበረኝ፤ ታጣቂዎቹ ወሰዱት።»

«ኮፒውን ከእነሱ መጠየቅ ትችላለህ?»

«እንዴታ! በፖስታ ይልኩልኛል።»

ጻፈው! እውነት መስሎት ጻፈው። በሳቅ ልሞት ስል እስክሪብቶውን አየሁና የራሴ መዝገብ ትዝ አለኝ። እኔስ ከዚህ የተለየ ምን ሠራሁ?

ይህን ሁሉ ጊዜ በጋሽ ሰይድ እናደድ ነበር። ምናለ ያንን ብረት ሰጥተዋቸው ነፍሳቸውን ቢያተርፉ! እያልኩ ከሞተ ሰው ጋር እጣላ ነበር። ባለፈው እሑድ ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘሀራ ደወልኩና ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያ ሁለተኛው ጠመንጃ ግን የት ተቀብሮ ነው?»

«የምን ጠመንጃ ልጄ? የነበረን ያው ላንተ የሰጠህ ነው። ሌላ ኖሮት አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን አለ አሉ?»

«ያለ መሣሪያ ቀረ ተብሎ እንዲጻፍበት አልፈለገማ። ራያ አይደለም እንዴ!»

ስልኩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን ከተመለስኩ መዝገቡን እንደገና እጽፈዋለሁ። እውነቱን ልጻፍላቸው?»

«በአላህ ይዤሃለሁ ልጄ! የሞተው እኮ ያለ መሣሪያ ቀረ ላለመባል ነው። ያኔ እንደነገረህ አድርገህ ጻፈው።»